አሸዋ ይውጣል፣ ሊሾ ይተፋል

ታሪኩን ከመሃሉ ለምትይዙት ነገሩ እንዲህ ነው። እሷ የአርክቴክቸር ትምህርቷን ለመጨረስ ጥቂት ወራት የቀሯት ተማሪ ናት፤ እሱ ከአባቱ ጋር አሉሚኒየም እያቀለጠ ድስት የሚሠራ ወጣት ነው። እሷን ሠራተኞቹ «ሜትሯ» ይሏታል፤ ሜትር ከእጇ አይለይማ። እሱን «አመዱ» ይሉታል፤ ታጥቦም ቢሆን ከቅንድቡ ላይ አመድ አይጠፋም። ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎቹ «በእጅ የሚሠራና በትንሹ የሚመረት ነገር የሚመረትበትን ቦታ ንደፉ» የሚል ሥራ ሰጣቸው። እሷ የአመዱን አባት ማቅለጫ ቤት መረጠች። ጣሪያው ከፍ አለ፣ መስኮት ወጣለት፤ ሠላሳ ዓመት የተረገጠው ጥቁር የአሸዋ ወለልም ተዝቆ ወጣና ተማሪዎቹ በገዛ እጃቸው የሲሚንቶ ሊሾ አፈሰሱበት።

ማቅለጡ እንደገና በተጀመረ በአራተኛው ቀን አባትየው የቀለጠ አሉሚኒየም በረጅሙ ጭልፋ ይዘው ሲሻገሩ ጥቂት ጠብ አለባቸው። አሸዋ ቢሆን ዝም ብሎ ይውጠው ነበር። አዲሱ ሊሾ ግን በሆዱ እርጥበት ይዞ ኖሮ እንደ ጥይት ፈነዳ፤ የቀለጠውንም መልሶ እግራቸው ላይ ተፋው።

ይህ ከሆነ ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ነው።

*

የማቅለጫ ቤቱ በር ላይ የአመዱ እናት ቆመዋል። መጥረጊያ ይዘዋል፤ የሚጠርጉት ግን የለም።

«ደግሞ ምን ልትለኪ መጣሽ?» አሉ። «የቀረውን እግሩን?»

ሜትሯ በእጇ የያዘችውን ፌስታል ዘረጋች። «እትዬ፣ ሐኪሙ ያዘዘው ቅባት ከፋርማሲ ጠፍቷል ሲሉ ሰምቼ ከሌላ ቦታ ፈልጌ...»

«እትዬ አትበይኝ! እኔ ላንቺ ምንሽም አይደለሁ።»

ጎረቤት ያለው በያጅ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አንገቱን ብቅ አደረገ። «ኧረ እማማ፣ ቅባቱን እንኳ ይቀበሏት። ኩራት ቁስል ላይ አይቀባም።»

«አንተ ብየዳህን በይድ! አፍህንም አብረህ ብትበይደው ደስ ይለኛል!»

በያጁ እየሳቀ ገባ። ሴትየዋ ግን አልሳቁም። መጥረጊያውን እንደ መቆለፊያ በሩ ላይ አጋደሙት።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ሲል ከጩኸታቸው ይብስ ነበር። «ሠላሳ ዓመት የሠራንበትን ወለል ስታወጡ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃችሁናል? አባቱ ለዕቃ ወጥቶ ሲመለስ ነው ተለስኖ ያገኘው። 'ማን ፈቀደ?' ብሎ ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ሲጠይቀው፣ ልጄ ቁጭ አድርጎ ነግሮታል። ሳይጠይቁን ነው ያፈሰሱት ብሎታል።»

ሜትሯ በሴትየዋ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። አመዱ ከእቶኑ አጠገብ ቆሟል። እያንዳንዱን ቃል ሰምቷል።

ቦርሳዋ ውስጥ ደብዳቤ አለ። ሊሾው ከመፍሰሱ በፊት ወለሉ የተነደፈበትን ሦስተኛውን የፕላን ወረቀት ልካለት ነበር፤ ከሱ ጋር በትንሽ ወረቀት እንዲህ ብላ፦ «ወለሉ ላይ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። የሚጎዳችሁ ነገር ካለ ንገረኝ፤ አልቀየምም።» እሱም በዚያው ወረቀት ጀርባ መልሶላታል፦ «ሁሉም ያምራል። እጅሽ ይባረክ።» ያንን መልስ ስንት ጊዜ እንዳነበበችው ራሷም አታውቅም። እና ተጠይቋል። በጽሑፍ ተጠይቋል።

አንድ ትንፋሽ ያህል ጠበቀችው። ሁለተኛ ትንፋሽ ጨመረችለት። እሱ ዓይኑን ሰበረና መሬት ላይ ያልነበረ ነገር ሊያነሣ ጎንበስ አለ።

«እውነትዎን ነው» አለች ለእናቱ። «አልጠየቅናችሁም።»

ፌስታሉን የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። ከሩቅ ላየ ለፍቅር ብላ ጥፋት የተሸከመች ትመስላለች። በውስጧ ግን ፍቅር የሚባል ነገር ድምፁም አልነበረም። ልክ እንደ አመዱ አድርጋ ማንንም ጠልታ አታውቅም፤ ያንን ሁሉ ጥላቻ የምታራግፍበት ስላጣች እግሯ መንገዱን እየደበደበ ሄደ።

*

እናቷ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ልጃቸው ግማሽ ሰዓት ከዘገየች ለሦስት ሆስፒታል የሚደውሉ ሴት ናቸው፤ አራት ያልሆነው አራተኛው ስልክ ስላላነሣ ብቻ ነው። ሜትሯ ቦርሳዋን ቤት ጥላ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ የፕላኖቿን ጥቅል ፈትተው፣ ቦርሳዋንም ከፍተው፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አገኘቻቸው። በእጃቸው ደብዳቤው አለ።

«እኔ ክፉ ማሰብ አልወድም» አሉ። «ግን ነገ አደጋውን የሚያየው የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ያባርርሻል። ከዚያ ሥራ የለም። ከዚያ ሰው ማየት ያስጠላሻል። ከዚያ ክፍልሽን ዘግተሽ ትተኛለሽ፣ ከዚያ በጨጓራ...»

«እማዬ፣ ያ የሰው ደብዳቤ ነው። ስጪኝ።»

«'እጅሽ ይባረክ' ይላል። ማነው እጅሽን የሚመርቀው? አያትሽ ነው?»

«ስጪኝ አልኩሽ!»

«ልጁ ነው አይደል? የዚያ የድስቱ ልጅ! እሱ በጽሑፍ ፈቅዶ፣ አንቺ እሳት ውስጥ ገብተሽ እሱ ዳር ቆሞ ይሞቃል?» ወረቀቱን አገላበጡት። «ይሄ ነገ ይታያል። አለቀ።»

«አይታይም። ይሄ ከታየ አባቱ ልጃቸው እንደዋሻቸው ያውቃሉ። ዕድሜ ልካቸውን እግራቸውን ባዩ ቁጥር እሱን ነው የሚያዩት።»

«ካልታየስ?»

«ያባርሩኛል።»

«ለአንድ ድስት ቀላጭ ብለሽ?»

«ድስቱን አንቺም ታበስይበታለሽ።»

እናቷ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በጣታቸው ለቀሙ።

«አምስት ዓመት» አሉ። «በየማለዳው አውቶቡሱ ከዓይኔ እስኪሰወር ቆሜ ነው የምሸኝሽ። አንድ ቀን መንገድ ላይ የሆነ ነገር ይደርስባታል እያልኩ። ለካ የሚደርስብሽ ነገር እዚያ ቆሞ ድስት እየሠራ ይጠብቅሽ ኖሯል።»

ደብዳቤውን አጥፈው መለሱላት። ሜትሯ የተሸነፉ መሰላት። ክፉ የሚጠብቅ ሰው ግን እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም፤ ይህን ማወቅ ነበረባት።

ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተችው። የፈራችው መባረሩን አልነበረም። በልቧ ጥግ አንዲት ቀጭን ድምፅ «ይታይ፤ ይዋረድ» ስትል ሰማቻት፤ ያቺን ድምፅ ነው የፈራችው።

*

ኮሚቴው የተሰበሰበው በራሱ በንድፍ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ዙሪያውን የተማሪዎቹ የካርቶን ሞዴሎች ተደርድረዋል፤ የሳሙና መሥሪያ፣ የጫማ መስፊያ፣ የወንበር መጠገኛ። ሁሉም ውስጥ የክብሪት እንጨት የሚያህሉ ነጫጭ የካርቶን ሰዎች ቆመዋል። አንዳቸውም ሥራ አይሠሩም።

አባትየው በፋሻ የተጠቀለለ እግራቸውን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። የአመዱ እናት ከጎናቸው፤ አመዱ ከኋላቸው ቆሟል። የሜትሯ እናት ከበሩ አጠገብ ናቸው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር፣ ፋይሉን ከፈቱ። «ጥያቄው አንድ ነው» አሉ። «ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱ ሠርተሽ ከሆነ ከትምህርት ቤቱ ትሰናበቻለሽ። ወለሉን አሳይተሻቸው ፈቅደው ከሆነ ግን ጥፋቱ የጋራ ነው፤ ቅጣቱም ሌላ ነው። ጠይቀሻቸዋል?»

ሜትሯ ቀና ስትል ዓይኗ ከአመዱ ዓይን ጋር ተጋጨ። ፊቱ ግራጫ ሆኗል። ከንፈሩ ሊከፈት ሲል አየች፤ ሳይከፈት ሲቀርም አየች።

«አልጠየቅኩም» አለች።

«ውሸቷን ነው!»

እናቷ ነበሩ። ወንበሩን ገፍተው መጡና ደብዳቤውን ፕሮፌሰሩ ፊት አኖሩት። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ልጄ በሰው ጥፋት ስትቃጠል ቆሜ የማይበት ዓይን የለኝም። አንብቡት። ሁለቱንም ገጽ።»

«እማዬ!» ሜትሯ እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች። ባዶ ነው።

ፕሮፌሰሩ ጮክ ብለው አነበቡ። መጀመሪያ የሷን፣ ቀጥለው የሱን። አራቱ ቃላት ክፍሉ ውስጥ ሲሰሙ ለሌላ ሰው የተጻፉ ይመስሉ ነበር።

አባትየው በቀስታ ዞሩ። ለመዞር እግራቸውን በእጃቸው ማንሣት ነበረባቸው።

«የማነው ጽሕፈቱ?»

«የኔ ነው ጋሼ።»

«ሆስፒታል ምን አልከኝ?»

«ሳይጠይቁን ነው አልኩዎት።»

«ተጠይቀህ ነበር።»

«ተጠይቄ ነበር።»

የአመዱ እናት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ፕላኑን አይተኸው ነው የፈቀድከው?»

«አየሁት። ግን ማንበብ አልችልም።» ድምፁ ደረቅ ነበር። «ጽሑፍ አነባለሁ፤ ያንን ግን አልችልም። መስመር በመስመር ላይ ነው። የቱ በር፣ የቱ ግድግዳ እንደሆነ አላውቀውም። እሳቸው ሲያስረዱኝ ራሴን እነቀንቃለሁ።»

«እሳቸው» አላት። ከስድቡ ሁሉ ይልቅ ያቺ አክብሮት ወጋቻት።

«አልገባኝም ማለት አይቻልም ነበር?» ጠየቁ ፕሮፌሰሩ።

«ስንት ጊዜ ልል አፌን ከፍቻለሁ።»

«እሺ» አሉ፤ እውነትም ግራ ገብቷቸዋል። «ፕላኑን ካላነበብከው፣ 'ሁሉም ያምራል' ያልከው ምኑን አይተህ ነው?»

የአመዱ ጆሮ ቀላ። ከዚያ ዓይኑ ሳያስበው ወደ ሜትሯ ሄደና እዚያው ቀረ። አንዱ መምህር አሳለው። ሌላው እስክሪብቶው አልጽፍ እንዳለው ሁሉ ወረቀቱ ላይ መላልሶ ጫረበት።

አባትየው ወደ ጣሪያው አንጋጠው በረጅሙ ተነፈሱ። «አዩ ፕሮፌሰር» አሉ። «እግሬን የበላው ይሄ ነው።»

ለመሳቅ የደፈረ አልነበረም።

«እኔስ?» አለች ሜትሯ በድንገት። ተነሥታ ቆማለች። «እሱ ፕላን ማንበብ ካልቻለ፣ እኔ ማቅለጫ ቤት ማንበብ እችል ነበር? ስምንት ቀን እየተመላለስኩ ለካሁ። እያንዳንዱን ምሰሶ አውቀዋለሁ። ሲቀለጥ ግን አንድ ቀን አላየሁም! ሁልጊዜ ስደርስ እሳቱ ጠፍቷል፣ ወለሉ ንጹሕ ነው። ሥራ የሌላቸው ቀን እየገጠመኝ መስሎኝ ነበር።»

«ሥራ የሌለን ቀን?» የአመዱ እናት ከወንበራቸው ተነሡ። «ስምንት ቀን ሙሉ? እንብላ አንልም እንዴ እኛ? እሳቱን እኮ ላንቺ ብለን ነው ያጠፋነው! እንግዳን በጭስ ይቀበሉታል? ወረቀትሽ ነጭ፣ ልብስሽ ነጭ። ማለዳ የለኮስነውን አጥፍተን፣ የድስቱን ቅርጽ ማውጫ ሰብስበን፣ መሬቱን ጠርገን ነው የምንጠብቅሽ። እሱ ነው ያዘዘን!» አሉ ወደ ልጃቸው እየጠቆሙ። «'ዛሬ ትመጣለች' ይላል፤ በቃ፣ እኛ መጥረጊያ እናነሣለን።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ልጅቷ የለካችው ማቅለጫ ቤት እንዳልነበረ፣ ለእንግዳ የተጠረገ ባዶ ክፍል እንደነበረ፣ በዚያች ቅጽበት ለሁሉም ታያቸው።

«አትሰናበቺም» አሉ በመጨረሻ። «ዓመቱን ግን ትደግሚያለሽ። ሰው ሲሠራ ሳታዪ ሰው የሚሠራበት ቤት ነድፈሻል። ይሄ በወረቀት አይታረምም።»

እናቷ እፎይ ሲሉ ሰማች። እሷ ግን እፎይታ አልተሰማትም። ሰው በተሞላበት ክፍል ውስጥ ልብሷን የተገፈፈች ያህል በረዳት።

*

አመዱ ደረጃው ላይ ደረሰባት።

«ደብዳቤዬን ለእናትሽ ሰጠሻቸው።»

«ከቦርሳዬ ነው የወሰደችው።»

«ታዲያ ለምን አልቀደድሽውም? ትናንት በራችን ላይ 'አልጠየቅንም' ካልሽ በኋላ ለምን ቀድደሽ አልጣልሽውም?»

«አንተስ?» ዞረችበት። «እናትህ እንደዚያ ሲያወርዱብኝ ጎንበስ ብለህ መሬት ላይ ምን ትፈልግ ነበር? ምላስህን?»

«ፈራሁ።»

«ፈሪ!»

«አዎ ፈሪ ነኝ! አባቴ ጥርሱን ነክሶ 'ማን ፈቀደ?' ሲለኝ፣ 'እኔ' የምትለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። ስትወጣም ሌላ ሆና ወጣች። በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ በየቀኑ ፋሻው ሲፈታ ቁስሉን አይና ዝም እላለሁ።» ድምፁ ከፍ አለ። «አንቺን ግን ማን ለመነሽ? ማን ዋሽልኝ አለሽ? ብትከሺኝ ኖሮ እጠላሽ ነበር፤ ይቀለኝ ነበር! አሁን በምን ዓይኔ ነው የማይሽ?»

«ጥላኛ! እኔም ስጠላህ ነው ያደርኩት። ሌሊቱን ሙሉ ሌላ ሥራ አልሠራሁም!»

«ታዲያ ለምን አልቀደድሽውም?»

«ሌላ የለኝማ!»

ጩኸቷ ደረጃውን ወርዶ ተመለሰ። አንድ ፕላን የተሸከመ ተማሪ መንገድ ቀይሮ ሄደ።

«ሌላ የለኝም» አለች፤ አሁን በዝግታ። «አንተ የጻፍክልኝ እሱ ብቻ ነው። አራት ቃል። ልቀድደው ሁለት ጊዜ አወጣሁት። ይዋረድ እያልኩ እንኳ ልቀድደው አልቻልኩም።»

አመዱ እጁን የደረጃው መደገፊያ ላይ ጣለ፤ ጣቶቹ ላይ የድሮ የቃጠሎ ጠባሳዎች አሉ። የሷም እጅ እዚያው መደገፊያ ላይ ነበር። በመካከላቸው አንድ ስንዝር አለች። ማንም አላጠበባትም፤ ማንም ግን እጁን አላነሣም።

«አንተ!»

አባትየው ከላይ በዱላ እየቆረቆሩ ይመጣሉ፤ ሚስታቸው ክንዳቸውን ይዘዋል። «ና ደግፈኝ። የዋሸኸኝን ነገር ቤት እንነጋገርበታለን፤ ረጅም ወሬ ነው።» ሜትሯ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ...»

«ይቅርታሽን ያዢው። ቁስሌ ገና ነው፤ ሲድን እነግርሻለሁ።» ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ሰኞ ማለዳ ያ ሊሾ ይሰበራል። ያፈሰሰው እጅ ይምጣና ይስበር። ነጭ ለብሰሽ ከመጣሽ ከበር ነው የምመልስሽ። ብትዘገዪ ደግሞ ወዮልሽ!»

«መዶሻ የት አላትና» አሉ የአመዱ እናት እያጉረመረሙ። «ያው ከኛ ልትወስድ ነው። እጀታውን ደግሞ ትሰብረዋለች።»

አመዱ አባቱን ደግፎ ወረደ። ወደ ኋላ አላየም። አንገቱ ግን እስኪሰወር ድረስ ላለመዞር እንደሚታገል ሰው ግትር ብሎ ነበር።

የሜትሯ እናት ከኋላዋ ደረሱ። «ሰማሽ እንዴት እንደሚያናግሩሽ? እዚያማ አትሄጂም። መዶሻ እግርሽ ላይ ይወድቃል። አቧራው ሳንባሽ ውስጥ ይገባል። ብልጭታው ዓይንሽን...»

«እሄዳለሁ እማዬ።»

«ደግሞ ቁጣቸው! እንደ ገዛ ልጃቸው እኮ ነው የተቆጡሽ! ምን አገባቸው?»

ሜትሯ ደረጃው መሃል ላይ ቀጥ አለች። ስምንት ቀን ወንበር አቅርበውላት ነበር። ስምንት ቀን ድምፃቸውን አለስልሰው፣ ከፊቷ ዕቃ አንሥተው፣ «ይለፉ» ብለዋታል። በነዚያ ቀናት ሁሉ አንድም ሰው ወዮልሽ ብሏት አያውቅም። እንግዳን ማን ይቆጣል?

የተሰማት ይቅርታ አልነበረም፤ ደስታ ብላ ልትጠራውም አልደፈረችም። ቂሟም እንዳለ ነው፣ ኀፍረቷም እንዳለ ነው። ከሁለቱ በታች ግን፣ ማንም ያላቀረበላት ቦታ ላይ ሳትጋበዝ እንደተቀመጠች ሰው፣ አንድ እንግዳ የሆነ ሙቀት ተሰማት፤ እናቷ «ምን ሆንሽ? አመመሽ?» እያሉ ሲጎትቷት፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «ነጭ ያልሆነ አሮጌ ቀሚስ አለሽ?» አለቻቸው።